በሐጃ ዛሂራ ግቢ በኩል

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው የሐጃ ዛሂራ ግቢ ብቻ ነው። ድንጋይ ብወረውር አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ያርፋል። በእግር ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የካርቱም ዳርቻ የሆነችው ሰፈራችን ማዮ በየሳምንቱ ወደ ሜዳው ስትሰፋ ሁሉም አጥሩን ነው የሚያስበው፤ ስለ መንገድ ያሰበ የለም። የኛን መተላለፊያ ደግሞ አንድ ነጋዴ መጋዘን ሠርቶ ደፈነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን በሙሉ መዞር ነው።

ሀብታሞቹ ሰፈር አል-ማንሺያ ቤታቸው የምሠራላቸው እመቤት ሲት ጦይባ ሰኞ ዕለት ቁርጡን ነገሩኝ። "አንድ ቀን ደግመሽ ብትዘገዪ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ አትምጪ።"

የሰፈሩን መንገድ ካርቶን ላይ ሥዬው ስለነበር አውጥቼ አሳየኋቸው። ማንም አላስተማረኝም፤ ግን መሐንዲስ ቢያየው ያፍራል።

"ካርታ አልጠጣም" አሉኝ። "የምፈልገው ሻይ ነው።"

አብራኝ የምትኖረው ዝናሽ ካርቱም ሃያ ዓመት ሆኗታል። ስነግራት ሳቀችብኝ። "አንቺ ጉረኛ! እዚህ አገር እኮ ጎረቤታሞች አጥራቸው መሐል ትንሽ በር ይከፍታሉ፤ ነፋጅ ይሉታል። ሴቶቹ በሱ ነው የሚገናኙት። ሄደሽ ለምኚያቸው።"

ልመና አልወድም። ሐጃ ዛሂራ ግን ገና አፌን ስከፍት "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ። የጭቃውን አጥር በዚያው ማታ እኔና ዝናሽ በዶማ በሳነው፤ ሐጃ ከአሮጌ ሣጥን በር አስገጠሙለት።

ማክሰኞ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ግቢውን አቋረጥኩ። ጨዋ ሰው አይረብሽም። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝኩ፤ ሲት ጦይባ ሰዓታቸውን አይተው ሻያቸውን ተቀበሉኝ።

ረቡዕ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"ሐጃ! እኔ ነኝ፣ ጎረቤትዎ!"

"ጎረቤት የለኝም። ትናንት በዚህ ያለፈ ሌባ ነው።"

"እኔ ነኝ እኮ ያለፍኩት!"

"ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሌባ ነው።"

"እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው፣ ሐጃ።"

"የሚረብሸኝ ሰው ፈልጌ አይደል እንዴ የከፈትኩልሽ?"

አፌን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋሁ። ከዚያ "ይቅርታ፣ እንዴት አደሩ?" ስል በሩ ተከፈተ፤ ሰላምታውም ተጀመረ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ዝናሽስ? አገር ቤት ዝናብ ዘነበ? ከወዲያ የአውቶቡሱ ረዳት "ያላ! ያላ!" ይላል። ዛሬ ካመለጠኝ ሥራዬ አበቃ፤ ሴትዮዋን ካቋረጥኩ ደግሞ መንገዴ።

"ሐጃ፣ እየሄድን ሰላም ብንባባልስ?"

መጎናጸፊያ ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና እጄን ይዘው በፍየሎቹ መሐል ይጎትቱኝ ጀመር፤ እሳቸው እየጠየቁ፣ እኔ እየመለስኩ። የውጭውን በር ስንከፍት አውቶቡሱ ሊነሳ ነው።

"ቁም!" ብለው ጮሁ ሐጃ። "ስለ እናቷ ገና አልነገረችኝም!"

ሾፌሩ ቆመ። ሐጃን ማን ይደፍራል? ደረጃው ላይ ዘልዬ ወጣሁና "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ጮህኩ። አውቶቡሱ በሙሉ "አልሐምዱሊላህ!" አለልኝ።

ረዳቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እህቴ፣ ወንድሞችም አሉሽ?"

"አምስት።"

"እንግዲያው ነገ ቀደም ብለሽ ተነሺ።"