አፍንጫ ለአፍንጫ በሎዋር ላይ

...እጁን ወደ ላይ አነሳ እኮ፣ እጅ ወደ ላይ ማለት ደግሞ ግቢ ማለት ነው፣ ጀልባ ላይ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል፣ ገመድ ተነሳ፣ መንገድ ተከፈተ፣ ግቢ! አዲሱ የድልድይ ጠባቂ ግን ከባቡር ጣቢያ የመጣ ሰው ነውና ለካ ቁሚ ማለቱ ኖሯል፣ ይኸው ከኋላ ይጮሃል፣ ይጩህ፣ ሌኦካዲ እንደሆነች ጠፍሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ከቦዩ ዳር ባለው መንገድ በእግሯ ጀልባዋን እየጎተተች ድልድዩ መሃል ደርሳለች፣ በቀኟ ድልድዩ የተሸከመው ቦይ፣ ከቦዩ ሥር ብረቱ፣ ከብረቱ ሥር ሎዋር ወንዝ ከነአሸዋው፣ ውሃ በውሃ ላይ፣ ጀልባ እንደ ደመና፣ ኧረ የሠሪዎቹን እጅ ይባርከው፣ መቼም አይሰለቻት፣ ወፎቹን ከላይ ሆና እያየቻቸው፣ የወፍ ጀርባ እንዲህ ማማሩን ማን ነግሯት ያውቃል፣ እና ከፊት ለፊት ሌላ ጀልባ።

ድልድዩ ጠባብ ነው። ሁለት አያሳልፍም።

የማን ይሆን፣ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቀይ አበባ የተከለ፣ እህ፣ ኦሆሆ! ባርናቤ! ያ ግትር ሽማግሌ! ልጁ ኦባን ከፊት ሆኖ ይጎትታል፣ አባትየው መሪውን ታቅፎ ተኮፍሷል፣ ጌታዬ ዛሬ ምን ዓይነት ቀን ነው ያወጣህልኝ!

ስንት ጊዜ ለመነችው፣ በመጡ በሄዱ ቁጥር፣ አያ ባርናቤ፣ ኦባንን ለዜሊ ስጠን፣ ወንድሜ ትቶብኝ የሞተ፣ በእጄ ያደገች ልጅ ናት፣ እሱም እየሳቀ እናያለን እናያለን እያለ እልም፣ ብልጥ ነው፣ በሚሄድ ጀልባ ላይ የተሰጠ ቃል ውሃ እንደሚወስደው ያውቃል፣ የቦይ ሰው ቃል የሚጸናው ሁለቱም ቆመው፣ ገመድ ላልቶ፣ የሰጪው እጅ የተቀባዩን ገመድ ሲጨብጥ ነው፣ ስለዚህ አይቆምም፣ ልጁ ከሄደ ማን ሊጎትትለት። ዜሊ ደግሞ ቆርጣለች፣ አክስቴ ዘንድሮ ካልሆነ ፓሪስ ሄጄ የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ ልብስ! ዜሊ! ያለ እሷ ያ መሪ፣ ያ ዘፈን፣ ያ የጠዋት ንጭንጭ፣ አይሆንም።

ጓ። አፍንጫ ለአፍንጫ።

አንቺ ሴት፣ ተመለሺ! አንተ ተመለስ! እኔ ባርናቤ ወደ ኋላ? አባቴ አልተመለሰ፣ አያቴ አልተመለሰ! አያትህማ ምን ይመለሳል፣ ሰምጦ ነው የቀረው! ኦባን ሳቁን በእጁ አፍኗል፣ ዜሊ ከመሪው ቀና ብላ አክስቴ ምን እያደረግሽ ነው ትላለች፣ ቁርሴን እየበላሁ ነው የኔ ልጅ፣ እውነትም መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦና የፍየል አይቧን አውጥታለች፣ ነይ ብዪ፣ ኦባን አንተም ና፣ አያ ባርናቤ አትራብ፣ ጨዋታው ረጅም ነው።

ጠባቂው እያለከለከ ይደርሳል፣ በሕግ አምላክ አንዳችሁ! ቆይ የኔ ጌታ፣ ሽምግልና ላይ ነን፣ አይብ ቅመስ።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ያያል፣ ወደ ፊት ያያል፣ ወደ ታች ያያል፣ የት ይሄዳል፣ ግራው ወንዝ፣ ቀኙ ወንዝ፣ ጢሙ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ እሷም በልቧ፣ ቢመለስስ፣ ኩራቱን ውጦ ወደ ኋላ ቢመለስስ አለቀላት፣ ሁለተኛ እንዲህ አታገኘውም፣ ግን ፊቷ ይስቃል፣ ሳቂ አንቺ፣ እንዳይነቃብሽ። እኔ ልመለስልህ፣ ትላለች፣ ያውም እየዘፈንኩ፣ ባርናቤ አሸነፈ ይባልልህ፣ አንተ ገመዴን ጨብጥ ብቻ።

ሽማግሌው መሪውን ይለቃል።

ከዚያ ከባዱ ጫማ መንገዱ ላይ ዱብ፣ ያ ሻካራ እጅ የላላውን ገመድ ጭብጥ፣ ውሰጂው ወዲያ! ልጄን ለልጅሽ ሰጥቻለሁ፣ መንገዴን ልቀቂኝ!

እልል! ድልድዩም ወንዙም ይስማ! ጠባቂው ራሱ፣ ያ ምስኪን፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው። ሌኦካዲ ገመዱን ወደ ጀልባዋ ጅራት አዙራ ታስራለች፣ ጠፍሩን ታጠልቃለች፣ ትጎነበሳለች፣ ያ የለመደችው ክብደት፣ ና እንግዲህ... አልመጣም። ጠፍሩ ደረቷ ላይ ልል ነው። ምን ጉድ ነው፣ ዞር ስትል ኦባን የአባቱን ጠፍር ጥሎ፣ የእሷን ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ ይጎትታል፣ እትዬ አንቺ እረፊ ይላል፣ ዜሊ ከላይ መሪው ላይ ሆና ታለቅሳለች ትስቃለች፣ ጀልባዋም አቅጣጫዋን ታጣለች፣ ቀና አድርጊያት አንቺ ሙሽራ!

ከኋላ ደግሞ ጩኸት፣ አንተ ልጅ! የኔንስ ማን ይጎትታል!

ማን ይሆን፣ ሌኦካዲ አንገቷን ትመልሳለች፣ ባርናቤ፣ ያ ኩሩ፣ መሪውን አስሮ የልጁን ጠፍር በገዛ ደረቱ ላይ እያጠለቀ፣ እየተራገመ፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ቀዩ አበባ ቀስ እያለ ይከተላቸዋል። በርታ አማቻችን! እሷ ግን እጆቿን ምን ታድርጋቸው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ገመድ ያልያዙበትን ቀን አታውቅም፣ ተንጠልጥለው ቀሩ፣ ወፎቹ ከታች፣ ፀሐይ ውሃው ላይ፣ ሥራ የፈታ እጅ፣ ታዲያ ምን ይሠራበታል፣ ታጨበጭባለች።