የአንገቱ እጥፍ

በጃፓኗ አሪማትሱ መንደር፣ በመጸው በዓል ጠዋት፣ ሳዋኤ የወንድሟን ልጅ ቺዙሩን ልታለብስ ሄደች። ልጅቷ በሰልፉ ከበዓሉ ሠረገላ ፊት ፊት ትሄዳለች። ኪሞኖዋ ላይ የምትደርበውን ሃኦሪም መርጣለች፤ የአክስቷን ሥራ ሳይሆን የቶሚዮን።

ሳዋኤና ቶሚዮ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሐሩን በክር እየቋጠሩ ለሰማያዊው ቀለም፣ ለኒሉ ጋን ሲያሰናዱ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ሳዋኤ ለዚህች ቀን ስትል ስምንት ወር የቋጠረችው ሃኦሪ ግን ሣጥን ውስጥ ቀረ።

«አክስቴ፣ አልተቀየምሽም አይደል?» አለች ቺዙሩ እጅጌውን እያስገባች። «ያንቺው ከበደኝ።»

«ምን ያስቀይመኛል? ትከሻሽ ያባትሽ ነው፤ ሸክም አይወድም።»

በሩ ላይ የቆመችው ቶሚዮ ሳቀች። «ምስኪን ወንድምሽን ደግሞ በጠዋቱ!»

ሳቋም ሳዋኤን እንደ መርፌ ወጋት።

ሃኦሪ ፊቱ ክፍት ሆኖ ደረት ላይ በገመድ ይታሰራል፤ አንገቱ ግን ከኋላ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት። እጥፉ የሚውጠውን ሐር ማንም አያየውም። ስለዚህ እዚያ ላይ ሳዋኤ ቋጠሮውን አራርቃ ታልፋለች፤ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ አልፋለች። ቶሚዮስ ሰው አይደለችም? እሷም እዚያ ላይ ማራራቋ አይቀርም። የረሳች መስላ አንገቱን ሳታጥፍ ብትተወው፣ መንደሩ ሁሉ የቶሚዮን ጉድ ከኋላ ያይላት ነበር።

አንገቱን ቀና አድርጋ አየችው።

ቋጠሮው ከቀለሙ ያስቀራቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም፤ ሽብሽባቸው ጣት ላይ ይንኮሻኮሻል። እስከ ስፌቱ ጫፍ ድረስ አንድም ቦታ አልሳሳም። እንዲያውም እዚህ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከጀርባውም ከእጅጌውም ይበልጥ ያምር ነበር።

ይሄንን መንደሩ ይየው? ሳዋኤ አንገቱን ቶሎ አጠፈችው፤ ሥርዓቱ በሚያዘው ልክ፣ አሳምራ።

«እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለች ቶሚዮ።

ሳዋኤ ምላሷን መያዝ አቃታት። «እዚያ ቦታ ላይ ምነው እንዲህ ደከምሽ? ማን ሊያየው?»

«አንቺ ነሻ። እሷን የምታለብሺው አንቺ እንደሆንሽ እያወቅሁ!»

ውጭ ከበሮው ተመታ። ሳዋኤ ጎንበስ አለችና የደረቱን ገመድ ማሰር ጀመረች።

«ኧረ ቀስ፣ አክስቴ!» አለች ቺዙሩ። «አፈንሽኝ እኮ!»