እርጥብ ሣር በሚስ ጆይስ ሳሎን

ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለንደን ሃክኒ በሚገኘው በሚስ ጆይስ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የቤቱ ባለቤትና የልጅቷ አሳዳጊ ሚስ ጆይስ፣ ከአሳዳጊዎች ድርጅት የመጣው ሶሻል ወርከር ሳሚር፣ ከአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ዝማሬ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ኪዲ፣ እና እኔ ኖላዊ።

እኔ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

የተሰበሰብነው ስለ ቅዳሜዎቼ ነው። የኪዲ እናት በሚያዝያ ሞተች። ድርጅቱ ልጅቷን ለሚስ ጆይስ ሰጠ፤ ከአገሯ ባህል እንዳትርቅ ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ኢትዮጵያዊ ሰው እንዲጎበኛት ቤተ ክርስቲያናችንን ጠየቀ። እትዬ ዝማሬ እኔን መረጡ። "ዝምተኛ ነህ፤ ልጅ አታስፈራም" አሉኝ። የፊደል ገበታና የመዝሙር ደብተር ሰጡኝ። ስድስት ቅዳሜ፣ ፓርክ ሮያል ካለው የሳንድዊች ፋብሪካ ስወጣ በቀጥታ እየሄድኩ ሀ ሁ አልኩ። ኪዲ አንድ ቃል አልመለሰችም።

ለምን እንደማትመልስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ደረጃውን እየወረደች ስትቆጥር ሰማኋት፤ የቆጠረችው በጋሞኛ ነው። ፋይሏ እስከ ሰባት ዓመቷ አገር ቤት ከአያቷ ጋር እንዳደገች ይላል። የየት አካባቢ ልጅ እንደሆነች ግን አይልም። አማርኛ ለእሷ እንደ እንግሊዝኛው የሰው ቋንቋ ነው።

እኔም ዶርዜ ነኝ፤ ዶርዜም ጋሞ ነው። በልጅነቴ ወደ ሽሮ ሜዳ ተወስጄ በአጎቴ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። የሰፈሩ ልጆች ሲያልፉ በመስኮት የሚሉን ነገር ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም። ለንደን ከመጣሁ ወዲህ "የየት አገር ልጅ ነህ?" ሲሉኝ "የሽሮ ሜዳ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። አንድ እሑድ እትዬ ዝማሬ የአንዲት ሴት ነጠላ እየዳሰሱ "የሸማኔ እጁ እንጂ ዘሩ አይጠየቅም" ብለው ሲስቁ፣ እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

ሳሚር እዚሁ ለንደን የተወለደ ነው፤ እናቱ የሐረር ሰው ናቸው። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ "ሊሰን፣ እትዬ" አለ። "ስድስት ሳምንት ምንም ሪስፖንስ የለም። ኢንተረስት ከሌላት ዛሬ ፎርሙን ክሎዝ ማድረግ አለብኝ። ክሎዝ ካደረግኩ ደግሞ ሌላ ሰው አይላክላትም።"

"ኢንተረስት የላትም?" አሉ እትዬ ዝማሬ። "ኢንተረስቷን የገደለው ይሄ ቤት ነው! ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን! ለእኛ ቤተሰብ ስጧት።"

ሚስ ጆይስ አማርኛ ባይሰሙም የእትዬ ዝማሬ ጣት ወዴት እንደተቀሰረ አይተዋል። "ስለ ቴሌቪዥኔ ምን አለች?" አሉ በእንግሊዝኛ። "ስታለቅስ ተነስቶ የሚያቅፋት ማን እንደሆነ ንገራት!"

"የልጅቷን ጸጉር እንኳ መሥራት አልቻለችም በላት!" አሉ እትዬ ዝማሬ።

"እትዬ፣ ፕሊስ፣ እኔ አስተርጓሚ አይደለሁም።"

"ታዲያ ምንህ ነው ሐበሻ?"

ሁለቱም ሴቶች ብድግ አሉ። ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔ ወደ በሩ እጀታ አየሁ፤ ብወጣ የሚያስተውለኝ አልነበረም።

ኪዲ ከሶፋው ወርዳ በጓሮው በር ወጣች። ስትመለስ በሁለት እጇ እርጥብ ሣር ይዛ ነበር፤ ከሥሩ ጭቃ ይንጠባጠባል። በሁለቱ ሴቶች መካከል ተንበረከከች። ሣሩን ከፍ አድርጋ ይዛ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"ምንጣፌ!" አሉ ሚስ ጆይስ።

"ተነሺ ልጄ፤ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?" አሉ እትዬ ዝማሬ።

ሳሚር "በጣም ተጨንቃለች" ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሚስ ጆይስ ጨርቅ ሊያመጡ በኪዲ በኩል ለማለፍ ተንቀሳቀሱ።

በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ያንን ሣር አልፎ የሚሄድ የለም። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ይቆማል። ይህን የሚያደርጉት ትልልቅ ወንዶች ናቸው፤ ሴት ልጅ፣ ያውም የዘጠኝ ዓመት፣ ስታደርገው አይቼ አላውቅም። ግን በዚያ ሳሎን ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንድ ነበረ፤ እሱም ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የበሩን እጀታ ያያል።

"አይለፉ!" አልኩ በእንግሊዝኛ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"እትዬ፣ ጨዋታ አይደለም። የጋሞ ሽማግሌዎች ጠብ የሚያስቆሙት እንዲህ ነው። ተቀመጡ እያለቻችሁ ነው።"

"አንተ ደግሞ ይህን ከየት አወቅህ?"

"ዶርዜ ነኝ። እሷም ጋሞ ናት።"

እትዬ ዝማሬ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። "ይህን እያወቅህ ነው ስድስት ሳምንት የእኔን ፊደል ገበታ የተሸከምከው?"

"አዎ።"

እትዬ ዝማሬ ተቀመጡ። ሳሚር ለሚስ ጆይስ ሁሉንም ተረጎመላቸው፤ እሳቸውም ተቀመጡ።

ጭቃው ላይ ከኪዲ ፊት ተንበረከክሁና በጋሞኛ "ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "አያቴ" አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ቋንቋዬን ታውቅ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

ሣሩን ከእጇ ተቀበልኩ።

ሳሚር ፎርሙን አልዘጋም፤ "አማርኛ" የሚለውን ሰርዞ "ጋሞ" ብሎ ጻፈበት። እትዬ ዝማሬ የፊደል ገበታቸውን ይዘው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ እጄን ሄድኩ፤ በሩን ኪዲ ከፈተችልኝ።