ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ

የእህቴን ልጅ ጥርስ ክሊኒክ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ «አክስት ማለት እንዲህ ናት!» እያለ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ ምስጋናዬን እቀበላለሁ። ያስገባኋት ግን ሙያውን ጠልታ እንድትመለስልኝ ነበር።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መቀመጫዋ ላይ መርፌ የተሰካባት ይመስል አንድ ቦታ ስለማትረጋ ሰፈሩ ሁሉ ቁንጥንጥ ነው የሚላት። ስፌት ቤቴ ውስጥ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል አደገች። እግሯ ፔዳሉ ላይ መድረስ ሲጀምር ዘምዛሚዬ ሆነች፤ ዐይኔ ሲደክም ደግሞ መርፌዬ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ሆነች። እኔም በልቤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ። የስፌት መኪናዋን እሷ ትወርሳለች፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ ደንበኛ አማለሁ። አንድ ቀን ግን አሮጌ ሱሪ እየተረተረች ቀና አለችና፣

«እትዬ፣ የጥርስ ሕክምና ልማር ነው» አለችኝ።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ከተማ ነው። ለማመልከት ደግሞ አስቀድሞ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሠርቶ ማየት፣ ከሐኪሙም ምስክርነት ማምጣት ያስፈልጋል። ልጅን «አትሂጂ» ካሏት በሩጫ እንደምትሄድ ስለማውቅ «ጎሽ፣ የኔ አንበሳ!» አልኳት። በማግስቱ ዶክተሩ ጋ ሄድኩ።

ዶክተሩ የቆየ ደንበኛዬ ነው። የክሊኒኩን ጋውን የምሰፋው እኔ፣ ሱሪው በጠበበው ቁጥር የማሰፋለትም እኔ ነኝ። የወገቡን እውነተኛ ልክ ሚስቱ እንኳ አታውቀውም። ስለዚህ ውለታ ብጠይቀው እምቢ እንደማይለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ልጄን ልልክልህ ነው» አልኩት።

«በጣም ደስ ይለኛል።»

«ደስ አይበልህ! ያለህን አስቀያሚ ሥራ ሁሉ ስጣት። ምራቁንም፣ ደሙንም፣ የሰዉን የአፍ ጠረንም ትየው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እያለቀሰች እንድትመለስልኝ።»

ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ግድ የለሽም፣ ለእኔ ተዪው» አለኝ።

በዚህ ብቻ መቼ አበቃሁ! ጋውኗን ስሰፋ እጅጌውን ሆን ብዬ አስረዘምኩት። ዕቃ ስታጥብ ይራስባታል፣ መሳቢያ ስትከፍት ይያዝባታል፣ በዚያው ትማረራለች ብዬ ነው። ስትለብሰው ጣቶቿ ሁሉ ጠፉ።

«እትዬ፣ ልኬን ተሳሳትሽ እንዴ?» ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

መቀስ ከያዝኩ ጀምሮ ልክ ተሳስቼ አላውቅም። «ታድጊበታለሽ» አልኳት። ማደግ ካቆመች ቆይታለች።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ሾርባ ሠርቼ እንባዋን ለመጥረግ ተዘጋጅቼ ጠበቅኋት። በሩን በርግዳ ገባች።

«እትዬ! ዛሬ ስንት ዓይነት መግል አየሁ መሰለሽ!» አለችና ሾርባዋን በጉጉት ትጠጣ ጀመር። «አንዱ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ነው። አንድ ሰውዬ አፉን ሲከፍት ከመንጋጋው ጀርባ ምን እንዳገኘን ገምቺ እስቲ።»

«አልገምትም።»

«ሥጋ! መቼ እንደበላው ራሱም አያስታውስም።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እሷ የእኔን ሳህን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጨረሰችልኝ። በነጋታውም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ የእሷ ጉንጭ ሞልቶ የእኔ ቀሚስ ሰፍቶኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ይባስ ብላ፣ ሊጣል የነበረ የጄሶ መንጋጋ ከክሊኒኩ አምጥታ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ገተረችው። ሜትሬንም አስነከሰችው። ካፖርት ልታስጠብብ የመጣች ጎረቤቴን «እስቲ ሜትሩን አቀብዪኝ» ስላት የጮኸችውን ጩኸት የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተቀበላት። እኔ ተቆጣሁ፤ ቁንጥንጥ መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ማታ ብቻዬን ስሆን እኔም ሳቅሁ፣ ምን ይደረግ።

ክፋቱ፣ ሰው አፍ ውስጥ ማየት የለመደ ዐይን እቤቱም ሲመጣ አያርፍም።

«እትዬ፣ ለምንድነው በግራ በኩል ብቻ የምታኝኪው?»

«ልማዴ ነው።»

«ጉንጭሽ ውስጥ ያለው ቅርንፉድስ?»

«ለትንፋሼ ነው። በይ፣ ሥራሽን ሥሪ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችኝ። ተረቱን ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

የቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ማመም ከጀመረ ቆይቷል። ግን ያን የጥርስ ወንበር ከሞት እኩል ነው የምፈራው፤ ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለዶክተሩ ጋውን ሳስረክብ እንኳ በር ላይ ቆሜ ነው። አንድ ጠዋት ታዲያ መቀሱ ራቀብኝና ወፍራሙን የካፖርት ክር በመንጋጋዬ ልበጥስ ብዬ ነከስኩ። ክሩ እንዳለ ነው፤ የተሰነጠቀው ጥርሴ ነበር። ሰማይና ምድሩ ዞረብኝ። ቁንጥንጥ ነጠላ ጫማዬን አውልቃ ሽፍኑን አጠለቀችልኝና በክንዴ ይዛ ወሰደችኝ።

ዐይኔን ጨፍኜ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ቁንጥንጥ ጋውኗን ለበሰች። ያንን ረጅም እጅጌ እስከ ክርኗ ድረስ አጥፋ፣ ስፌቱ በማይታይ ዘምዘማት ይዛዋለች። እጥፋቱን ያስተማረቻት ሴት ወንበሩ ላይ ተጋድማ አደነቀችው።

«ይቺ ልጅ ካልያዘችን ወንበሩ ላይ አንወጣም የሚሉ በሽተኞች አሉኝ» አለ ዶክተሩ ማደንዘዣውን እያዘጋጀ።

ቁንጥንጥ ጎንበስ አለችልኝ። እንዲህ ረጋ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «እትዬ፣ ጥርሱ አይድንም፣ ይነቀላል። መጀመሪያ መርፌው ትንሽ ይቆነጥጥሻል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። አፍሽ ስለሚያዝ መናገር አትችዪም። ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ። ወዲያው እናቆማለን።»

መርፌው ገባ። ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ዶክተሩ መሣሪያውን፣ እሷም የምራቅ መምጠጫውን ቱቦ አፌ ውስጥ ከተቱ። አፌን ከፍቼ ቃል ሳይወጣኝ ስቀር በሕይወቴ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄም ይህንን አሳምራ ታውቃለች።

«እትዬ፣ አሁን ጥሩ ጊዜ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «‹ያለህን አስቀያሚ ሥራ ሁሉ ስጣት፣ እያለቀሰች ትመለስልኝ› ብለሻል አሉ። ዶክተር የነገሩኝ በመጀመሪያው ቀን ነው።»

ዶክተሩ ላይ አፈጠጥኩበት። እሱ ጥርሴ ውስጥ ቀለበት የጠፋበት ሰው ይመስል አጎንብሶ ፍለጋውን ቀጠለ። የወገቡን ልክ ለሚስቱ ለመንገር እዚያው ወሰንኩ።

«የመግሉን ወሬ ግማሹን ከራሴ ጨምሬበታለሁ። አረንጓዴ ብሎ ነገር የለም። ሥጋውም ውሸት ነው» አለችና ሳቀች።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ማለት ይሄ ነው። እዚያ ተጋድሜ፣ ሾርባዎቼን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። ቱቦውን የያዘው እጇ አልተንቀሳቀሰም፣ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ።

«ምስክርነቱን ዶክተር ሰጥተውኛል። ማመልከቻዬን ግን አላስገባሁም። መርፌሽ ውስጥ ክር ማን ያስገባልሻል? እራት ከማን ጋር ትበያለሽ? እያልኩ ይኸው እስካሁን አለሁ። መሄድ እፈልጋለሁ፣ እትዬ። በጣም እፈልጋለሁ። ካመመሽ ግን ግራ እጅሽን አንሺ፤ እቀራለሁ። ሁለተኛም አላነሳብሽም።»

ዶክተሩ እንኳ እጁን አቆመ።

ጥርሱን በተመለከተ ምንም አላመመኝም፤ ማደንዘዣው ሥራውን ሠርቷል። ልቤን ግን ማን ያደንዝዝልኝ። ስፌት ቤቱ ቁንጥንጥ የሌለችበት ሆኖ ታየኝ። መኪናዋ ዝም ብላ፣ ሁለተኛው በርጩማ ባዶ ሆኖ፣ እኔ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አንስቼ ቀዳዳዋን ስፈልግ። አንድ እጅ ማንሳት ነው፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ስፈልገው የነበረውን ሁሉ በሳህን አቅርባልኛለች። ጣቶቼ ከወንበሩ ክንድ ላይ ተነሱ፤ እኔ አላዘዝኳቸውም።

ያንን ግራ እጄን ይዤ ጭኔ ሥር ከተትኩትና በሙሉ ክብደቴ ተቀመጥኩበት።

ቁንጥንጥ አየችው። ዶክተሩም አየ። «እንግዲህ እንንቀለው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነቀለውም።

ቤት ስንደርስ አፌ በጥጥ ተሞልቷል፣ ጉንጬም እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ስለዚህ በምልክት ጋውኗን አስለበስኳት፣ በምልክት መስተዋቱ ፊት አቆምኳት። እጥፋቱን ተረተርኩት። ሌላ ከተማ ገብታ በሰው ፊት የተንዘላዘለ እጅጌ ለብሳ ብትታይ የማን ስም ነው የሚጠፋው? ሜትሬን ከጄሶው መንጋጋ አስለቀቅሁና ከቀኝ ትከሻዋ ጀምሬ መለካት ያዝኩ።

እሷ ግራ እጇን አነሳች።

«ገና ነው፣ በቀኙ ነኝ» ልላት ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቀና ብዬ አየኋት። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። እጇም እንደተነሳ ነው፣ ጣቶቿ ብቻ ከረጅሙ እጅጌ ጫፍ ብቅ ብለዋል።

ሜትሩን አስቀመጥኩ። እጇን እስክታወርደው ድረስ ደረቴ ላይ ይዣት ቆምኩ። ከዚያ የግራውን እጅጌ ለካሁና በልኳ ቆረጥኩት።