ድምፁን ቀንሱልን

ኦራታይ ወንበር ላይ የማትረጋ ሴት ነበረች። ማዘጋጃ ቤቱ የመናፈሻና መዝናኛ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከነወንበሩ ሰጥቷታል፤ ወንበሩ ላይ ግን ከእሷ ይልቅ የግቢው ድመት ነው የሚተኛበት። ስብሰባ ላይ ጉልበቷ ይርገበገባል። ምሳ ቆማ ትበላለች። እናቷ ሳይቀሩ፣ «አንቺን የወለድኩሽ በመንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም» ይሏታል።

ሥራዋ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ነው። በሞተር ብስክሌቷ ከመናፈሻ መናፈሻ እየዞረች መብራቶቹ መብራታቸውን፣ የሕፃናቱ ዥዋዥዌ አለመላላቱን፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚከፍላቸው ስፖርት አሠሪዎችም በሰዓታቸው መገኘታቸውን ታያለች። በናን ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሰው ሁሉ ወደ መናፈሻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ቦታ ደርሳ ሳትጨርስ ስልኳ ለሌላው ይጮኻል።

በዚያ ወር ግን አለመረጋጋቷ ብሶ ነበር። የሥራ ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ አለቃዋ ሱቲን ይታደሳልም አይታደስምም አላላትም። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ስልኩን ማየት ይጀምራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ራሱ ጠራት።

«ሐኪም ናሪት ዛሬም መጥቶ ነበር» አላት። ናሪት ከወንዝ ዳሩ መናፈሻ ፊት ለፊት ክሊኒክ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው።

«አሁንስ ምን አለ?»

«የአንዲት ሴትዮ ጥርስ እየቦረቦረ ሳለ ሙዚቃው ሲጀምር እጁ አብሮ ሊጨፍር ነበር አለኝ።»

ኦራታይ ሳቀች። ሱቲን አልሳቀም።

«ከወር ወር ድምፁ እየጨመረ ነው። ወይ አስቀንሺው፣ ወይ ሰውየውን ቀይሪው። ለዓርብ መልስ እፈልጋለሁ። ስላንቺ ውል ስጠየቅም የማሳየው ነገር ሊኖረኝ ይገባል።»

ሰውየው ቡንሎም ይባላል። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን አመሻሽ ላይ ቢጫ ቁምጣውን አጥልቆ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከጣውላ መድረኩ ላይ ሆኖ ሕዝቡን ኤሮቢክስ ያሠራል። ሰው ይወደዋል። «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ! ገና ሰው እንጭናለን!» ሲል አያቶቹም ከሥራ የወጡት ነርሶችም ከት ብለው ይስቃሉ።

በዚያው ሰኞ ማታ ላይ ኦራታይ ሄደች። ሙዚቃው ድልድዩን ሳትሻገር ነው የተቀበላት። መድረኩ ሥር ቆማ እጇን አወዛወዘች።

«አጎቴ! ድምፁ በዛ! ትንሽ ይቀንሱልን!»

ቡንሎም ፈገግ ብሎ እጆቹን ደረቱ ላይ አጋጠመና ሰላምታ ሰጣት። «እሺ ልጄ፣ እሺ!» አለ። ቀጠለና ግራ እግሩን ወረወረ። ድምፁ ዝንፍ አላለም።

ማክሰኞ ተመልሳ ራሷ ማጉያውን ቀነሰችው። ቡንሎም ዘፈኑ መሀል ላይ ፊቱ ቅጭም አለ፤ ወርዶ ቁልፉን እስከ ጥጉ አዞረውና ወደ ቦታው ተመለሰ።  እንደ አገራችን ልማድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ብሔራዊ መዝሙሩ ከከተማው የድምፅ ማጉያ ማማ ሲሰማ መናፈሻው ውስጥ ያለ ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ፤ ሯጩም፣ ሕፃኑም፣ ቋሊማ ጠባሿም። ቡንሎም ግን አንድ ሁለት እርምጃ ከጨመረ በኋላ ነው የቆመው። ኦራታይ ይህንን አየችና «ለማንም ደንታ የሌለው ሰው ነው» ብላ ደመደመች።

ፊተኛው ረድፍ ላይ የምትሠራ ላመይ የምትባል ኑድል ሻጭ አለች፤ ወፍራም፣ አፈ ስለታም ሴት፣ ሰው ሁሉ አክስት የሚላት። ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ ቀይ ፎጣ አለ። ዘፈን በተለወጠ ቁጥር ፎጣዋን ብድግ አድርጋ ላቧን ትጠርጋለች።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ለኦራታይ፣ «እዚህ መጥተሽ ከምትንቆራጠጪ ለምን አትሠሪም? እግርሽ እንደሆነ ብቻውን ጀምሯል።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ አክስት።»

«እኛስ እዚህ ምን የምንሠራ መሰለሽ? እንቅልፍ?»

ረቡዕ ዝናብ ጣለ፤ ማንም አልመጣም። ኦራታይ ቤቷ ውስጥ ከመስኮት መስኮት ስትመላለስ አመሸች። ሐሙስ ስትደርስ ሐኪም ናሪት ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ መናፈሻው በር ላይ ጠበቃት።

«እኔ የምለው፣ ይህቺ ከተማ ባለቤት የላትም? አንድ ሽማግሌ ማዘዝ ካቃታችሁ ስለምን ደመወዝ ትበላላችሁ?»

ንግግሩ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠላት። በረድፎቹ መሀል አቋርጣ ሄደች። መድረኩ ጀርባ ደርሳ የማጉያውን ገመድ ይዛ ከሶኬቱ ነቀለችው።

ጸጥታ ሆነ። ወንዙ ላይ ያለችው ጀልባ ሞተር ተሰማ። ኦራታይ አሁን ይዞርና ይጮህብኛል ብላ ገመዱን እንደያዘች ጠበቀች።

ቡንሎም አልዞረም። «አንድ! ሁለት! ወደ ቀኝ! ጠጋ ጠጋ!» እያለ መዝለሉን ቀጠለ። ደግሞ ሕዝቡም ቀጠለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያለ አንዳች ሙዚቃ፣ እግሩን በአንድነት እያነሳ፣ በአንድነት እየጣለ። የሚሰማው የጫማቸው ኮቴ ብቻ ነው። ማንም ለቡንሎም አልጠቆመውም፣ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ግን በቡንሎም ትከሻ ላይ አሻግሮ እሷን ያያል።

ያን ጊዜ ገባት፤ ሙዚቃው መቆሙን አልሰማም። 

ላመይ ከረድፉ ወጥታ ላብ እንደጠመቃት መጣች። «መልሽው» አለች በዝግታ። «ሳያይሽ መልሽው።»

ኦራታይ ግን ቸኩላ ሶኬቱን ሳተችው። ቡንሎም ዙሪያውን የሚዞሩበት እርምጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዞረና አያት። ገመዱን አየ። የማጉያው ቀይ መብራት መጥፋቱን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ፤ ሕዝቡ አሁንም እየዘለለ ነው። የእሱ እግር ቆመ። የሌላውም ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» አለ።

«ምኑን?» አለች ላመይ፣ አፏን እያጎላች።

«አትጫወቺብኝ፣ ላመይ።»

ላመይ ፎጣዋን በሁለት እጇ ጨመቀችው። «ሁለት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።»

ቡንሎም ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ መድረኩ ላይ አስቀመጠ። ቦርሳውን አንስቶ፣ በረድፎቹ መሀል ሳይሆን በዳር በዳሩ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ኦራታይ ቤቱ ሄደች። ከፈተላት፤ ግቢ ግን አላላትም።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው…»

«ጭንቅላትሽን አታወዛውዢ። ፊትሽን ወደኔ አድርገሽ ተናገሪ።»

እንዳይወዛወዝ አገጯን ያዘች። «ለጆሮ የሚሆን መሣሪያ አለ'ኮ።»

«አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱን ያደረግኩ ቀን ሰው ሁሉ ሳህን እየሰበረ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ። የድሮ አውቶቡስ ሞተሩ ከሹፌሩ ጎን ነበር ልጄ፤ እኔ ደግሞ መቀመጫዬ እሱ ላይ ነበር። እዚያ ነው ጆሮዬን የተውኩት።»

«ታዲያ ድምፁን ምን ያደርግልዎታል?»

«መድረኩ ጣውላ ነው። ከፍ ሲል እግሬ ይሰማዋል፤ ስዘል ብቻ ነው የሚያመልጠኝ።»

«ለምን ለማዘጋጃ ቤቱ አልነገሩም?»

«ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

ኦራታይ መልሱን ታውቀዋለች።

«የሚያናድደኝ ጆሮዬ አይደለም» አለ ቡንሎም። «እነሱ እንደ ሕፃን ሲያባብሉኝ መክረማቸው ነው። እኔ ሞኙ ደግሞ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ! ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።» በሩን ዘጋው።

ከዚያ በቀጥታ ሱቲን ዘንድ ገባች። አልተቀመጠችም። የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«እና መስማት የማይችል ሰው በሙዚቃ ስፖርት ያሠራልን ነበር ብዬ ለምክር ቤቱ ላስረዳ?»

«አሠርቷል'ኮ! ማን ወደቀ? ማን ተሰበረ?»

«ኦራታይ፣ ሌላ ሰው አምጪ።»

«እሺ፣ ላመይ ትሁን።»

«ኑድል ሻጯ?»

«ሙዚቃውን የምትሰማለት እሷ ነበረች። ዘፈን ሲለወጥ ፎጣዋን እያነሳች ታመለክተው ነበር። ለሙከራ ስጣት።»

ሱቲን የላመይን ስም ወረቀት ላይ ጻፈ። «ለሙከራ» አለ። ስለ ውሏ ምንም አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ላመይ መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ዘፈኑን ታውቃለች፣ ድምፁንም በልኩ አድርጋዋለች፤ እግሯ ነው አልታዘዝ ያላት። ቀኝ ብላ ወደ ግራ ትሄዳለች። ረድፎቹ ይጋጫሉ። አንዷ ነርስ የአንድ አዛውንት መነጽር በክርኗ ጣለች። ሰው ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ። ኦራታይ በየማምሻው ትመጣለች፤ በረድፎቹ ዙሪያ ትዞራለች፤ ጥፍሯን ትበላለች፤ ሌሎቹ መናፈሻዎች ስልክ ሲደውሉም አታነሳም።

ቡንሎም ደግሞ መናፈሻውን መተው አልቻለም። ወንዙ ዳር ባለው ግንብ ላይ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ መንጠቆ ይጥላል። ዓሣ ሲይዝ ማንም አላየውም። በየመካከሉ ግን አንገቱን ዞር ያደርጋል፤ ያያል፤ ፊቱን ያኮሳትራል፤ ይመለሳል።

አንድ ቀን ላመይ ወደ ፊት መራመድ ሲገባት ወደ ኋላ ሄደችና ከመድረኩ ጫፍ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ያኔ ከግንቡ በኩል ያ የአውቶቡስ ድምፅ መጣ።

«ግራ! ግራ እግር ነው የተባለው! አንቺ ሴትዮ፣ ግራሽን አታውቂም እንዴ?»

ሕዝቡ በሙሉ ዞረ። ቡንሎም መንጠቆውን ወርውሮ እየመጣ ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቶ ላመይን በትከሻዋ ይዞ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ገፋት።

«አንቺ ጆሮሽን ያዢ፣ እግሩን ለኔ ተይው!»

«ኧረ ዓሣውስ?» አለችው ላመይ፣ ፊቱ ላይ ቀጥ ብላ።

«ዓሣው ካንቺ ይሻላል፣ ቢያንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል።»

ላመይ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። በፎጣዋ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ግን ፎጣው የተነሳው ዘፈን ተለውጦ መስሎት እርምጃውን ቀየረ፤ ሕዝቡም ተከተለው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም መድረክ ላይ ናቸው። በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያለችው ላመይ ናት፤ ክፍያውን ይካፈሉታል። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ቡንሎም በእግሩ ማዳመጡን ትቶ የእሷን እጅ ያያል። የሚደበቅ ነገር ስለሌለ አሁን በግልጽ ነው የሚሰዳደቡት። «ዘፈኑ ካለቀ ቆየ'ኮ፣ አንተ ደንቆሮ!» ትለዋለች በእጇ እያመለከተች። «የደነቆረስ የአንቺ እግር!» ይላታል። ሐኪም ናሪት ስለ ሙዚቃው ማመልከቱን አቁሟል። ባለፈው ግን መጥቶ፣ «ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ታካሚዎቼ እየሳቁ አፋቸውን ከፍተው መያዝ አቃታቸው» ብሎ ከሷል።

የኦራታይ ውል በመጨረሻው ቀን ታደሰ፤ ለስድስት ወር ብቻ። ሱቲን ወረቀቱን ሲሰጣት፣ «ከዚያ በኋላ እናያለን» አላት። ደስ ይበላት ወይ ይከፋት ሳታውቅ ወንዝ ዳር ወረደች። ቡንሎም ከመድረኩ ላይ አያትና ምን ተባልሽ እንደማለት ቅንድቡን አነሳ።

«ስድስት ወር!» አለችው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

«ስድስት ልጅ?» አለ ቡንሎም በዚያ ድምፁ። «መቼ አገባሽና!»

መናፈሻው በሳቅ ተናወጠ። እሷም ሳቀች፤ በዚያ ወር ከልቧ የሳቀችው ያኔ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ገብታ አንድ ዘፈን ሠራች፣ ሁለት ሠራች። ሦስተኛው ሲጀምር ስልኳ ጮኸ፤ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ባለው መናፈሻ ሁለት የባድሚንተን ቡድኖች በአንድ ሜዳ ተጣልተው መረቡን ከዚህና ከዚያ እየጎተቱት ነው። ላቧን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ሞተር ብስክሌቷ ሮጠች።