አሜሪካዊውን የማሳጠር ሥራ

ክሪሳንቶ ማካታንጋይ በዕድሜው ብዙ ነገር ታዟል፤ ሰው አሳጥር ተብሎ ግን ታዞ አያውቅም። ይኸው ታዘዘ። ያውም በጠዋቱ፣ ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ፣ ያውም ቦታውን ሊቀማው የመጣውን ሰው!

"ሳንቶ፣ ስማኝ" አለው አሰልጣኝ ሩፊኖ በስልክ። "አሜሪካዊው ገብቷል። ችግሩ ረዝሞብናል።"

"በስንት?"

"በግማሽ ጣት። አስር ሰዓት ላይ ሊጉ ይለካዋል። እስከዚያ ሸክም አሸክመው፣ አስሂደው፣ አንገላታው። አከርካሪው ተጫጭኖ ይገባል። ብቻ እንዳይጋደም! ሰው ከተጋደመ አጥንቱ ይላቀቅና መልሶ ይረዝማል። ለአንድ ሰዓት እንኳ ከተኛ አለቀልን።"

"ይህን ሁሉ ያውቃል ሰውዬው?"

"እንዳትነግረው! ያለፈው ሰው ሰምቶ ስንት ጣጣ አመጣብን። የቡድኑ ባህል ነው ብዬዋለሁ፤ አዲስ የመጣ ሰው ሩዝ ይሸከማል ብዬዋለሁ።"

"ኮች፣ ለምን እኔ?"

"አንተ ደግ ነሃ!"

እንግዲህ ይኸው ነው። ደግነት የሚሉት ነገር ለሳንቶ ካመጣለት ይልቅ የወሰደበት ይበልጣል። ማኒላ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ቅርጫት ኳስ ሲጫወት የታመመ የሚያስታምመው ሳንቶ፣ የመጤውን ሻንጣ የሚያነሳው ሳንቶ፣ ተነስ ሲሉት ተነስቶ ቦታ የሚለቀውም ሳንቶ። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን አንድ የውጭ ተጫዋች ያስገባል፤ ቁመቱ ግን ከስድስት ጫማ ከአምስት ኢንች ማለፍ የለበትም። ጸጉር ታህል ከበለጠ ሻንጣውን ሳይፈታ ይመለሳል። ልክ ከሆነ ደግሞ ቅርጫቱ ሥር ይገተራል፤ እዚያ የነበረው የአገሬው ልጅ ሄዶ ወንበር ያሞቃል። በዚህ ቡድን ያ የአገሬው ልጅ ሳንቶ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፈው ነበር። ለምዶታል። ዘንድሮ ግን የቅዳሜው ጨዋታ ሊፓ ነው፤ ሊፓ የሳንቶ አገር። ሊጉ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ወደዚያ ወርዶ አያውቅም። እናቱ መኪና ስለሚያዞራት ማኒላ ረግጣ አታውቅም፤ ልጇ ሲጫወት ያየችው በቴሌቪዥን ብቻ ነው፣ ያም ካሜራው ወደ ወንበሩ ሲዞር ነው። የሳንቶ ውል በዚህ ውድድር ያልቃል፣ ጉልበቱ ከውሉ ቀድሞ አልቋል፣ የሚያድስለት ሞኝ የለም። ቅዳሜ ካልተጫወተ እናቱ አይታው ሳታውቅ ኳስ ያቆማል። የፊተኛው የውጭ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ስለተሸነፉ ተባሮ፣ ቦታው ባዶ ሆኖ፣ ሳንቶ "ተመስገን" ብሎ ገና ሳይጨርስ ነው ይህ የመጣው።

ሰውዬውን ከሆቴሉ በር በራሱ መኪና ወሰደው። ቴረል ዊትኮም ይባላል፤ ራሱን ተላጭቷል፣ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

"ሁለት ሌሊት አልተኛሁም ወንድሜ" አለ፣ ጉልበቱን አጣጥፎ መኪናው ውስጥ ለመግባት እየታገለ። "ሦስት አውሮፕላን ነው የቀያየርኩት።"

"አይዞህ" አለ ሳንቶ። ምን ይበል ታዲያ?

ገበያው ውስጥ እትዬ ፔርላ የምትባል ሩዝ ነጋዴ ደንበኛው ናት። አንድ ሙሉ ጆንያ እንድትሰጠው ጠየቃት።

"ለዚህ ሰውዬ ነው?" አለች ቀና ብላ እያየችው። አንገቷ እስኪታጠፍ ቀና አለች። "ይሄን ሁሉ ይበላዋል?"

"ይሸከመዋል።"

"ምን በድሎህ ነው?"

ሳንቶ ሂሳቡን ከፈላት። ጆንያው ቴረል ትከሻ ላይ ወጣ፣ ሁለቱም ጉዞ ጀመሩ፤ በሥጋ ተራ፣ በአትክልት ተራ፣ ዞረው እንደገና በሥጋ ተራ። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ይከተላቸው ጀመር። እዚያ ሠፈር ሳንቶን "ኩያ" የማይለው የለም፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው፤ ታላቅ ወንድም ብሎ ማሾፍ ደግሞ ያውቁበታል።

"ኩያ ሳንቶ! ይሄን ግንብ ከየት አፍርሰህ አመጣኸው?"

"ሲመለስ የእኔንም ሽንኩርት ያድርስልኝ!"

"ተዉት እንጂ" አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን እንደያዘች፤ "የራሱን ቀባሪ እያስጎበኘ እኮ ነው። ኩያ፣ ቅዳሜ ሊፓ ላይ ውሃ ልታቀብል ነው አሉ፣ እውነት ነው?"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሳንቶ ቆሽቱ አረረ። "አንቺ ዓሣሽን ሽጪ! ከእኔ ይልቅ የሸተተው እሱ ነው!" አለ። ይህን ሲል የባሰ ሳቁ። ቴረልም ያልገባውን ቀልድ አብሮ ሳቀ፣ ላቡ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ለሁሉም በነፃው እጁ ሰላምታ እየሰጠ።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! ሳንቶን ያበሳጨው ይህ ነው። ከዚህ በፊት የመጡት እኮ አብዛኞቹ ስሙን ሳይጠይቁት ነው የሄዱት። አንደኛው አንድ ውድድር ሙሉ "ትልቁ" እያለ ሲጠራው ነበር፣ ያውም ከእርሱ አንሶ። ይኼኛው ግን እትዬ ፔርላን በሁለት እጁ ጨበጣት፣ እመቤቴ አላት፣ ጆንያውን ሲያወርድ እንኳ ሩዙ እንዳይፈስ ተጠነቀቀ።

"ባህላችሁን ወድጄዋለሁ" አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። "ሌላ አገር ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው ወደ ሜዳ የሚነዱኝ። እዚህ መጀመሪያ ሰው ያስተዋውቃሉ።"

"አዎ" አለ ሳንቶ። "የጥንት ባህል ነው።"

ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ወደ ሳንቶ ቤት ሄዱ፤ ሚስቱ ሥራ ላይ ናት፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ሳንቶ የጠዋቱን ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ አሞቀ፣ ሩዝ ጨለፈ፣ ቴረል በቁሙ በላ። ቁጭ በል አላለውም። ሰውዬው ማንኪያውን እንደያዘ ዓይኑ ይከደናል፣ ይነቃል፣ ይከደናል።

"ወንድሜ" አለ በመጨረሻ። "አንድ ነገር ልለምንህ። ትንሽ ጋደም ልበል።"

"አይሆንም።"

"መሬቱም ይበቃኛል። ሰሌን ላይም ቢሆን።"

"አይሆንም አልኩህ እኮ!"

ቴረል ደነገጠ። ሳንቶም በራሱ ድምፅ ደነገጠ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

"ሳንቶ! የተከራየነው ጂፕኒ መኪና ሞላ እኮ! የሠፈሩ ሰው በሙሉ ተመዝግቦ መቀመጫ ጠፋ፣ ወጣቶቹ ጣሪያው ላይ እንወጣለን ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን አባም መጥተው እኔስ ብለው ተቆጡኝ። ለእሳቸው ከሾፌሩ ጎን ለቀቅኩ። ስምህን ካናቴራ ላይ አስጽፈናል፤ የእኔ ትንሽ ጠቦኛል፣ ግድ የለም።"

"እማዬ…"

"ትጫወታለህ አይደል? ዶሪንግ ጎረቤታችን ልጅሽ የሚቀመጥ ነው አለችኝ። እዚያው ሰው ፊት ሰደብኳት። እንዳታዋርደኝ፣ ልጄ።"

"እጫወታለሁ እማዬ።"

ስልኩን ዘጋ። ቴረል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ሲያንቀላፋ አፉ ተከፍቷል። ሳንቶ ሄዶ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተ፣ መጋረጃውን ጋረደ፣ ማራገቢያውን አበራ።

"ና" አለው። "ተኛ።"

"ከልብህ ነው? አሰልጣኙስ?"

"አሰልጣኙ እዚህ የለም።"

ሰውዬው አልጋው ላይ ሲወድቅ እንጨቱ ተንጫረረ፤ እግሩ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠለጠለ። ሳንቶ ወንበር አምጥቶ እግሩን ደገፈለት። ምን ያህል ደግ ሰው ነው፣ አያችሁ! ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጥ ቤት ተቀመጠና ሰዓቱን ማየት ጀመረ። አሁን ብቀሰቅሰው፣ አንድ ዙር ጆንያ ባሸክመው ይደርሳል ይላል። ይነሳል። በሩ ጋ ይደርሳል፣ ማንኮራፋቱን ይሰማል፣ ይመለሳል። ይሄ ሰው ነገ ሌላ አገር ያገኛል፣ እኔ ሌላ ሊፓ የለኝም ይላል። ደግሞ እኮ ልተኛ ብሎ የለመነው ራሱ ነው! እንዲህ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰዓቱ ሄደ፤ ሲቀሰቅሰው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ቴረል እጆቹን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ ተንጠራራ፣ አጥንቱ ተንጣጣ። ሳንቶ ፊቱን አዞረ።

የሊጉ ቢሮ ውስጥ የሚለኩት አዛውንት በተንኮል የተሸወዱበት ዘመን አልፏል። ባዶ እግሩን፣ ጀርባውን ከሰሌዳው አጣብቀው አቆሙት፤ ጎንበስ ብለው ጉልበቱ አለመታጠፉን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ጠፍጣፋውን እንጨት በተላጨው ራሱ ላይ አወረዱት። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ደግመው አወረዱት።

"ይበልጣል" አሉ። "ጥፍር ታህል። ግን ይበልጣል።"

ነገሩ ለቴረል የገባው ከሁሉም ቀድሞ ነው። ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ማድረግ ጀመረ።

አሰልጣኝ ሩፊኖ ሳንቶን ወደ ኮሪደሩ ሳበው። "ተጋድሟል?"

"ቆሞ ነው የዋለው ኮች። ገበያተኛውን ጠይቅ።"

"እንግዲያማ አጥንቱ ብረት ነው፣ ምን ይደረጋል።" አሰልጣኙ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ንዴት የለ፣ ምን የለ። "ደግነቱ ያኛው በአየር ላይ ነው።"

"የቱ ያኛው?"

"ሁለተኛው ነዋ! ዮርዳኖስ አገር ሲጫወት የነበረ። ከዚህ ያጥራል፣ ችሎታውም እንደዚያው ነው፣ ግን ልኩ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ያውቃል። ማታ ይገባል።"

ሁለት ሰው አዝዞ አንዱን መያዝ የክለቦቹ የዘወትር ሥራ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሳንቶ ነበር፤ ሻንጣቸውን ሲያነሳ የኖረው እርሱ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው።

"ቅዳሜስ?" አለ።

"ቅዳሜ ይሰለፋል እንጂ! ምነው?"

"ቅዳሜ እኮ ሊፓ ነው ኮች። እናቴ… አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ተነስ ስትሉኝ ተነሳሁ፣ ቁጭ በል ስትሉኝ ቁጭ አልኩ። አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ አሰልፈኝ! ጉልበቴ ይውጣ፣ የጨዋታውን አንድ ሩብ ብቻ!"

አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ሁለት ጊዜ ተሸንፌያለሁ ሳንቶ። ሦስተኛ ከተሸነፍኩ እኔም ሻንጣዬን ነው። አንተ ወንበሩ ላይ ሆነህ ለአገርህ ሰው እጅህን አውለብልብላቸው፣ ይበቃቸዋል። በል አሁን ይሄን ሰውዬ አውሮፕላን ማረፊያ አድርስልኝ። የሚያደርሰው ሌላ ሰው የለኝም።"

እና አደረሰው። እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው እምቢ ማለትን በምን ቀን ይማረዋል?

መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። መኪኖቹ ጭራና አፍንጫ ተያይዘው ይንፏቀቃሉ፣ ሳንቶ መሪውን በቡጢ ይመታል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የሚሰማው የለም። ቴረል በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

"ዘንድሮ ስባረር ይሄ ሁለተኛዬ ነው" አለ ድንገት። "ፊተኞቹ ደግሞ አርጅተሃል አሉኝ። ከእንግዲህ አይበቃም ትላለህ? የእህቴ ባል የጭነት መኪና አለው፣ ና አብረን እንሥራ ሲለኝ ኖሯል።"

ሳንቶ ጥሩምባውን እንደገና ነፋ።

"ግን አንተን አመሰግናለሁ" አለ ቴረል። "ከምሬ ነው። ሰው ሁሉ እንደ ዕቃ ሲያገላብጠኝ፣ ደክሞታል ብለህ አልጋህን የለቀቅክልኝ አንተ ብቻ ነህ። ይሄን አልረሳውም።"

"ተው!" አለ ሳንቶ።

"ምኑን?"

"አታመስግነኝ! በእግዜር ይሁንብህ አታመስግነኝ!" የሳንቶ ድምፅ ተሰነጠቀ። "ሆን ብዬ ነው ያስተኛሁህ። ሰው ሲተኛ ይረዝማል። ሩዙም ባህል አይደለም፣ እንድታጥር ነው። ቆመህ ብትውል ኖሮ ምናልባት ልክ ትሆን ነበር። እያወቅኩ ነው፣ ገባህ? ቦታዬን እንዳትወስድብኝ ብዬ ነው። ቅዳሜ በአገሬ፣ እናቴ ፊት ልጫወት ብዬ!"

ቴረል አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ቢመታውም ይሻል ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው በር ሲደርሱ ወርዶ ሻንጣውን ራሱ አወጣ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየው።

"እሺ" አለ። "ቢያንስ ቅዳሜ ትጫወታለህ።"

"አልጫወትም። ሌላ ሰው ማታ ይገባል። እኔ ስላላወቅኩ ነው እንጂ ከመጀመሪያውም አዝዘውት ነበር።"

ሰውዬው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የጠየቀው ተናዶ ሳይሆን ሊገባው ፈልጎ ነው።

"ታዲያ እኔን ለምን አስተኛኸኝ?"

ከአንድ ሰዓት በፊት ሳንቶ ለዚህ መልስ ነበረው። አሁን መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ቴረልም ብዙ አልጠበቀም፤ ሻንጣውን አንስቶ፣ የበሩ ጉበን እንዳይመታው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ።