ራሳቸውን የከሰሱት ሐጃ

የሰጡትን ሁሉ እጥፍ አድርጎ የሚመልስን ሰው በምን ዘዴ ይረዱታል? ሐጃ ቡሴይና ይህን እያብሰለሰሉ ነጋባቸው፣ እያብሰለሰሉ ቁርስ አቀረቡ፣ እያብሰለሰሉ ሻዩ ላይ ሁለት ጊዜ ስኳር ጨመሩ።

ሰውየው መንደሩ ሁሉ «ዓም»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ጎረቤታቸው ጀብረላ ናቸው። ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ የመንደሩን ሰው በጀልባ ከናይል ወዲያና ወዲህ ሲያሻግሩ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከአንዲት አህያና ከጥቂት ዶሮዎች ጋር ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ። የቤታቸው የጭቃ ጣሪያ መሐሉ ላይ ሸክም እንደበዛባት በቅሎ ወገብ ሰርጉዷል። ሐጃ ከግቢያቸው ቀና ባሉ ቁጥር ያ ስርጉድ ነው የሚታያቸው። ከደቡብ በኩል ደግሞ ሰማዩ መቅላት፣ አቧራው መነሣት ጀምሯል። አንድ ደህና ዝናብ ከጣለ ግንዱ፣ ሰሌኑና ጭቃው ተያይዘው የሚያርፉት ዓም ጀብረላ አናት ላይ ነው።

«ተኝተው ሳሉ ቢወድቅባቸውስ?» አሉ ሐጃ ለልጃቸው ለኢጅላል። «ቆመውም ቢሆን ይወድቅባቸዋል። ተቀምጠውም ቢሆን…»

«ገባኝ እማ፤ በሁሉም በኩል ይወድቅባቸዋል» አለች ኢጅላል፣ ምስር እየለቀመች።

ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ክረምት ሲቃረብ ደቦ ይጠራል፣ ጭቃ ይረገጣል፣ ጣሪያ ይመረጋል፣ ባለቤቱ ሠራተኞቹን ያበላል፣ አለቀ። ጣጣው ያለው ማብላቱ ላይ ነው። ዓም ጀብረላ ደቦ ከመጣላቸው አህያቸውን ሸጠው በግ ያርዳሉ። አህያዪቱ ከሌለች ደግሞ ከወንዝ ውኃ የሚያመጣላቸው የለም። ጣሪያ ያገኙና በጥም ያልቃሉ።

ሰውየው እንዲህ ናቸው። ሐጃ አንድ ሳህን ፉል ቢልኩላቸው ሳህኑ ዶሮ ተቀምጣበት ተመለሰ። ሐጃ ደንግጠው ዶሮዋን ወጥ አድርገው መልሰው ላኩ፤ አውራ ዶሮው መጣ። «እንግዲህ አንድ ጊዜ ብልክ ራሳቸው ናቸው ሳህኑ ላይ ወጥተው የሚመጡት» ብለው ተዉት። ፀጉር አስተካካዩ ዑስማን በነጻ ላጫቸውና ጃንጥላቸውን ታቅፎ ወጣ፤ እምቢ ሲል ሊያለቅሱበት ደረሱ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሰውየው እንዳይደኸዩ ብሎ ደግነት ፈራ። ዓም ጀብረላ ጆንያ ተሸክመው ብቅ ሲሉ ጎረምሶቹ እንዳያግዟቸው በጓሮ ይሸሻሉ።

«እንግዲያው ደግ ሲሆኑላቸው የሚጎዱ ከሆነ ክፉ ሁኚባቸዋ!» አለች ኢጅላል።

ሐጃ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

«ኧረ ስቀልድ ነው እማ።»

«እኔ አልቀልድም።»

በመንደሩ የሰው ንብረት ያበላሸ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፤ ያበላሸውን ራሱ ይጠግናል። ተበዳዩ አይከፍልም፣ አያበላም፣ አያመሰግንም እንኳ። ካሳ ስጦታ አይደለምና እጥፍ ሆኖ አይመለስም። ሐጃ በዕድሜያቸው የሰው ደጅ ላይ የእጣቢ ውኃ እንኳ ደፍተው አያውቁም። ያን ቀን ግን የጎረቤታቸውን ጣሪያ ለማፍረስ ቆርጠው ተነሡ።

አስቀድመው ዓም ጀብረላን ከቤት አስወጡ። «ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ አይተው ይንገሩኝማ፣ ሥጋት ገባኝ» አሏቸው። የወንዝ ነገር ከተነሣ ሰውየው አይቀሩም። ከዚያ ሱልጣና የምትባለውን ፍየላቸውን ፈቱ። ሱልጣና በሌላው ቀን ሳይጠሯት ሰው ጣሪያ ላይ የምትውል ዋልጌ ናት፤ በዚያን ቀን ግን ጨዋነት አማራት። እናትና ልጅ ከእበት ክምሩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ጣሪያው ይታገሏት ጀመር። ኢጅላል በቀንዷ ትጎትታለች፤ ሐጃ የተጠቀለሉበትን ረጅም ቶብ ወገባቸው ላይ አሥረው ከኋላ ይገፋሉ።

«ግፊ እማ!»

«እየገፋሁ ነው! እግሯን እንዳትሰብሪያት!»

«ጣሪያ ልንሰብር መጥተን ስለ እግር ትጨነቂያለሽ?»

«ግንዱ ቢወጋትስ? ብትሞትብኝስ? ይቅር ኢጅላል፣ እናውርዳት።»

«አሁን ከወረደች እኔ ነኝ ጣሪያው ላይ የምዘለው!»

ሱልጣና ወጣች። ቆመች። አመነዠከች። ምንም አልተሰበረም። ሐጃ በንዴት ስርጉዱ ላይ የማሽላ አገዳ ወረወሩላት፤ ፍየሏ ዘላ ብታርፍበት አራት እግሯ ወደ ውስጥ ሰጥሞ በሆዷ ተንሳፈፈች።

«ተቀደደ! አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ ሐጃ። ከአጥሩ ማዶ ዑስማን አንገቱን አስግጎ ሲያያቸው ጊዜ፣ «ወይ ጉዴ፣ ማለቴ ነው» አሉ።

ዓም ጀብረላ ከወንዝ ሲመለሱ ጣሪያቸው ላይ ፍየል ትጮኻለች። ሐጃ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «እኔ ነኝ! የእኔ ፍየል ናት! ይክሰሱኝ!» አሏቸው።

ዓም ጀብረላ ጥምጣማቸውን አወለቁ። «ሐጃ፣ ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅዎ? ጣሪያዬን በጊዜ ሳላድስ ቀርቼ ፍየልዎን ለአደጋ ዳረግኋት። እግሯ ተልጦ እንደሆነስ?»

«ኧረ እኔ ነኝ በዳዩ!»

«አይበሉ፣ አይበሉ! ምስኪን እንስሳ።»

ፍየሏን በእጃቸው አወረዷት። በማግሥቱ ጠዋት «ድንጋጤው እንዲለቃት» ብለው ያለቻቸውን አንዲት ብርድ ልብስ ለሱልጣና ላኩላት።

ሐጃ ብርድ ልብሱን አቅፈው አለቀሱ። ትናንት ስርጉድ የነበረው ዛሬ ቀዳዳ ነው፤ ሰውየውም ያለ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ያለ ብርድ ልብስ ቀሩ። «ልረዳ ብዬ ገደልኳቸው» እያሉ፣ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዛንቀው ወደ ሼህ ሐሰበላ ሮጡ። ሼኩ የመንደሩ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ ከኒም ዛፍ ሥር ተጋድመው አገኟቸው።

«ክስ አለኝ» አሉ ሐጃ።

«ከሳሹ ማን ነው?»

«እኔ።»

«ተከሳሹስ?»

«እኔ።»

ሼህ ሐሰበላ ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «ታዲያ ከማን ጋር ላስታርቅሽ ሐጃ? ከጥላሽ ጋር?»

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሐጃ ቤት ተሰየሙ። ወሬው ቀድሞ ተዳርሷልና ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ዓም ጀብረላ ንጹሕ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ለተከሳሿ ሊመሰክሩ።

«ሐጃ ንጹሕ ናቸው። ፍየሏ በራሷ ፈቃድ ነው የወጣችው» አሉ።

«ውሸታቸውን ነው!» ሐጃ ብድግ አሉ። «እኔ ከኋላ ገፋኋት፣ ልጄ ከፊት ጎተተቻት!»

«ሐጃ በዚህ ወገባቸው ፍየል ሊገፉ?»

«ወገቤን ይተዉት! ስንቱን ገፍቻለሁ በዚህ ወገብ!»

ኢጅላል እጅጌዋን ሰብስባ የቀንዱን ጭረት አሳየች። ሽማግሌዎቹ ጭረቱን ተራ በተራ መረመሩ።

«መልካም» አሉ ሼህ ሐሰበላ። «ፍየሏን ገፍተሻል። ለምን?»

ሐጃ «ልረዳቸው ብዬ» ካሉ ነገሩ ሁሉ ስጦታ ሆነ፤ አህያዪቱ ዛሬውኑ ገበያ ወጣች። ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«በክፋት!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምቀኝነት ነው» ቀጠሉ፣ እንባቸው እየመጣ። «ጣሪያቸውን… ባየሁት ቁጥር እቀናለሁ።»

ሰው ሁሉ ከአጥሩ በላይ ወደሚታየው ጣሪያ ዞሮ ተመለከተ። አንዱ ሽማግሌ ሻይ ትን አላቸውና ጀርባቸው ተመታ። ሼህ ሐሰበላ ጣሪያውን አዩ፣ ሐጃን አዩ፣ ጢማቸውን ለረጅም ጊዜ ዳበሱ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ክፋት ሰምቼ አላውቅም። ክፋት ደግሞ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅምና ቀዳዳው ብቻ ሳይሆን ጣሪያው በሙሉ ይሠራል፤ በሐጃ ወጪ። ጀብረላ፣ አንተ ተበዳይ ነህ፤ ለሠራተኛ አንዲት ብርጭቆ ውኃ እንኳ እንዳታቀርብ። ተበዳይ በዳይን አያስተናግድም።»

«እኔ እኮ ይቅር ብያለሁ!» አሉ ዓም ጀብረላ።

«አንተ ይቅር ብትል ፍርዱ ይቅር አላለም።»

«እንግዲያው ለሐጃ አንድ በግ…»

«ለክፉ ሰው በግ? የሽማግሌ ፍርድ ልታፈርስ ነው?»

ያኔ ዑስማን ከኋላ እጁን አወጣ።

«ሼኬ፣ እኔም ክፉ ነኝ! ፍየሏ ስትገፋ ከአጥር ማዶ ሆኜ እያየሁ አልጮኽኩም። ሁለት ግንድ ይፈረድብኝ!»

«ተፈርዶብሃል» አሉ ሼኩ።

«እኔ ደግሞ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ «ስሰማ ሳቅሁ። በክፋት ነው የሳቅሁት። የሠራተኛው ምሳ ይፈረድብኝ።»

«እኔ በልቤ ሰድቤያቸዋለሁ! ሰሌን!»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ መቼ ተሳድበህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ የሰደብኳቸው! ሰሌኑ የእኔ ነው!»

«እኔ ገና አልበደልኩም፤ ግን ነገ እበድላለሁ፤ ጭቃ ረገጣው ላይ ጻፉኝ!»

ሰዉ በኃጢአት ተሻማ። አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ከዳኝነት ወንበራቸው ተነሥተው፣ ልጅ ሳሉ ዓም ጀብረላን በድንጋይ እንደፈነከቱ ተናዘዙና ስድስት ጋሪ አፈር ተፈረደባቸው። ዓም ጀብረላ፣ «ኧረ እሱ ሌላ ጀብረላ ነው!» ቢሉ የሰማቸው የለም።

ሐጃ ግን አልሳቁም። ዐይናቸው ከዓም ጀብረላ አልተነቀለም። ይገባቸው ይሆን? ገብቷቸው ቢያፍሩስ? ነገ ማለዳ አህያዪቱን ይዘው ገበያ ቢሄዱስ? ሰውየው ፈገግ እያሉ በጥፋት የሚከራከሩትን ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ገና በጀልባ ሲመላለሱ ያሻገሯቸው ናቸው፤ ከፊሎቹ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው። ዐይናቸው መጨረሻ ላይ ሐጃ ላይ ሲደርስ እዚያው ቆየ። የጥምጣማቸውን ጫፍ ይዘው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ዓም ጀብረላ» አሉ ሐጃ ቀስ ብለው። «ተቀየሙኝ እንዴ?»

ዓም ጀብረላ ከሰው ቤት ሲወጡ ባለቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱንና የከብቱን ልጆች ሳይመርቁ ወጥተው አያውቁም፤ ሸኚያቸው እግሩ እስኪደነዝዝ ነው የሚቆመው። አሁን ግን ተነሡ፤ ጫማቸውን አጠለቁ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የሐጃን መሰላል አንሥተው ትከሻቸው ላይ አጋደሙና፣ እንደ ተበዳይ ሰው ሳይመርቁና ሳያመሰግኑ፣ ወደ ተቀደደው ጣሪያቸው ሄዱ።